ኪስ ሳይጎዳ የኪራይ ክፍልን ማደስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

ደሴ ላይ ክፍል የተከራየ ተማሪ መጀመሪያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ መጋረጃ ነው። ቀጥሎ በጥቅል የሚሸጠው ተለጣፊ የግድግዳ ወረቀት ይመጣል። ፎቶ ላይ ያምራል። ሐምሌ ገብቶ ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ግን ወረቀቱ ከጥግ ጥጉ መላቀቅ ይጀምራል። ከኋላው ጥቁር ሻጋታ ብቅ ይላል። ገንዘቡ ሄደ፣ ክፍሉም እንደቀዘቀዘ ነው።

ተማሪን የሚያከስረው የዕቃ መወደድ ብቻ አይደለም። የሰው ቤት ላይ የራስን ገንዘብ መለጠፍም ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ያዙ፦ ስትለቁ ይዛችሁት የምትወጡትን እናንተ ግዙ፤ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ላይ የሚቀረውን ባለቤቱ ይክፈል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚነሳ ነው። በምሳሌነት የያዝኩት 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው ሰርቪስ ክፍል ነው። ከደሴ ሠፈሮች ሆጤም ሆነ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያም ሆነ ጢጣ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚኖረው እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ለጠቅላላው ሥራ ግን ጣሪያ አብጁለት፤ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ አታውጡ። ከዚያ ካለፈ የተሻለ ክፍል መፈለጉ ይረክሳል።

መጀመሪያ ክፍሉን መርምሩ

ምንም ሳትገዙ አንድ ምሽት ለምርመራ ስጡ። መብራቱን አጥፉና በሩን ዝጉ። ጓደኛችሁ ውጭ ሆኖ የስልኩን ባትሪ አብርቶ በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ እያለ ያዙር። ብርሃን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ብርድ ይገባበታል። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ግድግዳውን በቁልፍ ጫር ጫር አድርጉት። ዱቄት እየሆነ ከረገፈ ልስኑ ደክሟል ማለት ነው፤ ቀለም አይዝም። በጣታችሁ አንኳኩት። ጭቃ ቤት ከሆነ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ቋሚ እንጨት ያለበት ቦታ ነው። ሚስማር የሚይዘው እሱ ብቻ ስለሆነ ይህንንም ምልክት አድርጉበት።

ለወለሉ ደግሞ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አንጥፉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፉት። በማግሥቱ ስታነሡት ከሥሩ ጠብታ ካለ ወለሉ እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋችሁ ምንጣፍ ብትደርቡ በወሩ ይሸታል።

የመጨረሻው ትኋን ነው። የበር መቃን ስንጥቅ፣ የአልጋ መገጣጠሚያ፣ የኮርኒስ ጠርዝ እዩ። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ለአከራዩ ንገሩ። ከገባችሁ በኋላ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ይባላል፤ ክርክሩን አታሸንፉም።

ከዚያ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። አንዱ ላይ የባለቤቱ፣ ሌላው ላይ የኔ ብላችሁ ያገኛችሁትን ከፋፍሉ። የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ መስተዋት፣ የተላጠ ሽቦ፣ የረገፈ ልስን የባለቤቱ ነው። መደርደሪያ፣ አምፖል፣ ምንጣፍ፣ የበር ሥር መከላከያ የናንተ።

ከአከራይ ጋር መነጋገር

ወሎ ላይ ይህ ንግግር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ሄዳችሁ የጉድለት ዝርዝር ካነበባችሁ ነገሩ ይበላሻል። ቡና ተፈልቶ ሲጠሩ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ አንሡት። የሚሠራው አነጋገር እንዲህ ያለ ነው፦ «እማማ፣ ግድግዳውን ኖራ ልቀባው አስቤ ነበር። ጉልበቱ ከኔ፣ የኖራውን ብቻ ይቻሉኝ።» ብዙ ጊዜ መልሱ «አብሽር ልጄ፣ ይቀባ» ነው። ሠራተኛ ቢያስገቡ የእጅ ዋጋ ሊከፍሉ ነበር፤ ይህን እሳቸውም ያውቁታል።

ጥሬ ገንዘብ ከሚሰጧችሁ ከኪራይ ላይ እንዲቀነስ መጠየቅ ይቀላል። ሲስማሙ ግን በወረቀት አስፍሩት፤ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ብር እንደሚወጣ፣ ከየትኛው ወር ኪራይ እንደሚቀነስ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ካሉ «ለወንድሜ የማሳየው ነው፣ ገንዘቡን የሚልክልኝ እሱ ነው» ማለት ማንንም አያስቀይምም። የኪራይ ውሉ ራሱ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይደነግጋል፤ ሌላ ወረቀት ከመጻፍ እዚያው ላይ አንድ መስመር ማስገባትም ይቻላል።

ጣሪያ ላይ በፍጹም አትውጡ። ያረጀ ቆርቆሮ ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ ሊሆን ይችላል። ሬንጅ መቀባትም ሆነ የቆርቆሮ ሚስማር መቀየር ባለቤቱ የሚያስመጣው ሰው ሥራ ነው።

ሳትለኩ ገበያ አትውጡ

ሱቅ ሄዶ «ለአንድ ክፍል ስንት ይበቃል?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ አንድ ጋሎን ትርፍ ተሸክሞ ይመለሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.5 ሜትር ከሆነ ግድግዳው 35 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮቱን ስትቀንሱ 32 ካሬ ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል። ለሁለት ዙር 7 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ግማሽ በግማሽ ማድረግ ይቻላል። ቀለሙን ከወለል እስከ 1.2 ሜትር ብቻ ቀቡ። የሚቆሽሸው፣ ጀርባ የሚያርፍበት፣ ፍራሽ የሚታከከው እሱ ነው። ለሁለት ዙር ከ4 ሊትር አያልፍም። ከዚያ በላይ ያለው ኖራ ይበቃዋል። ታችው ደመቅ፣ ላይው ነጣ ሲል ድህነት ሳይሆን ፋሽን ነው በሉት።

መሣሪያ አትግዙ

መዶሻ፣ መጋዝ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትር። አምስቱንም በዓመት ከሁለት ቀን በላይ አትጠቀሙባቸውም። በግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ ካለ እያንዳንዱ አንድ አንድ ይግዛና በጋራ ተጠቀሙ። ሠፈር ውስጥ ካለ አናጺ ጋር መላመድ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። መጋዙን ባያውሳችሁም እንጨቱን በልካችሁ ይቆርጥላችኋል፤ ሰጋቱራም በነጻ ታገኛላችሁ። ሰጋቱራው ለምን እንደሚጠቅም ወረድ ብሎ አለ።

አንድ ነገር ብቻ የራሳችሁ ይሁን፦ ጥሩ ብሩሽ። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩን ግድግዳው ላይ ይተዋል፤ ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

ብርዱን ማስቆም

ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ሌሊት ላይ ሙቀቱን ሁሉ ወደ ላይ ይለቃል። ስለዚህ ከብራችሁ ትልቁ ድርሻ እዚህ ይግባ። ኮምቦልቻ ያላችሁም አትዝለሉት። ከተማዋ ዝቅ ስለምትል ሞቃት ናት፤ ያው ኮርኒስ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ያበርድላችኋል።

በጣም ርካሹ ኮርኒስ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ባለ 50 ኪሎው በአንድ ጎኑና በታቹ ሲተረተር አንድ ካሬ ከምናምን ይሆናል። ለ12 ካሬ ጣሪያ ከመገጣጠሚያው ጋር 13 ገደማ ያዙ። እህል በረንዳ ወይም ወፍጮ ቤት ያገለገለ ይሸጣሉ። የማዳበሪያ ሽታ ካለበት ይልቅ የስንዴ ወይም የዱቄት የነበረውን ምረጡ። በኦሞ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በጆንያ መርፌና በሲባጎ አያይዛችሁ እንደ አንድ ትልቅ አንሶላ ስፉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ከረጢቱን በባዶ ሚስማር ብትመቱት ክብደቱ ራሱ ይቀደዋል። መፍትሔው ቆርኪ ነው። ከለስላሳ መጠጥ ቤት አንድ ፌስታል ቆርኪ ለምኑ። ቆርኪውን እንጨት ላይ ገልብጣችሁ መሐሉን በሚስማር ብሱ። ከዚያ ሚስማሩን ከነቆርኪው፣ ጥርሱ ወደ ከረጢቱ ዞሮ፣ ጣሪያው ሥር ባለው እንጨት ላይ ምቱ። ጥርሱ ከረጢቱን ይነክሳል፣ ጉልበቱም በሰፊው ይከፋፈላል። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ይበቃል። ከአንድ ግድግዳ ጀምሩ፣ ጓደኛ ከወዲያ ይወጥርላችሁ። ከመሐል የጀመረ ሰው ሸብሸቦውን ማስተካከል ሲያቅተው እንደገና ይነቅላል። ሚስማሩን እስከ መጨረሻው አትቅበሩት፤ ስትለቁ በፒንሳ መንቀል አለባችሁ።

አምፖሉ ዙሪያ ቢያንስ የአንድ ክንድ ክፍተት ተዉ። ምድጃችሁም ከሥሩ አይሁን። ከረጢት ፕላስቲክ ነው፤ እሳት ከያዘ እየቀለጠ ይንጠባጠባል።

ቀጥሎ በሩ። አሮጌ ጂንስ አንዱን እግር ቁረጡና አንድ ጫፉን ስፉ። ከአናጺው ያመጣችሁትን ሰጋቱራ ሙሉበትና ሌላውን ጫፍ ዝጉ። ለክብደት ከታቹ ጥቂት አሸዋ ጨምሩ። በሩ ሥር ስታስቀምጡት ነፋሱ ይቆማል። ለመስኮት ጠርዝ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ በቀጭኑ ቆርጣችሁ በኮላ ለጥፉ፤ ፍራሽ የሚሰፉ ቤቶች ቁርጥራጩን ይጥሉታል። ይህን ከክረምት ብቻ ሳይሆን ከየካቲት በፊት ጨርሱት። ወሎ በልግም አለው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ክፍሉን ከደፈናችሁ በኋላ ከሰል ይዛችሁ አትግቡ። «ጭሱ ወጥቶ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው» የሚለው ነገር ሰው ይገድላል። ፍም የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ አይነሡም። ከበሩ ወይም ከመስኮቱ በላይ ያለውን የአየር ቀዳዳም ፈጽሞ አትድፈኑ። ከበረዳችሁ ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ከከሰል ይሻላል።

ግድግዳው፦ ኖራ የሚያሸንፍበት ምክንያት

ተማሪው የዘይት ቀለም ይወዳል፤ ያብረቀርቃል፣ ይታጠባል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ በአንድ ክረምት እየተላጠ ይወርዳል። ኖራ አየር ያስተላልፋል፣ ሻጋታ አይወደውም፣ ዋጋውም ከቀለም ጋር አይወዳደርም።

የሚሠራው በጥቅምት ወይም በኅዳር ነው። ክረምት ላይ አይደርቅም። የተፈጨና የበረደ ኖራ ግዙ። ድንጋዩን አትግዙ፤ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያቃጥላል። ዱቄቱን በባልዲ ውሃ በጥብጡና አሳድሩት። በማግሥቱ በወንፊት ወይም በአሮጌ ነጠላ አጥልሉት። ውፍረቱ እንደ ወተት ይሁን። እንደ ሊጥ ካወፈራችሁት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ልብስም ያነጣል።

ልል የሆነውን ልስን በመጥረጊያ አራግፉ። የድሮ የዘይት ቀለም ካለ በብርጭቆ ወረቀት ካልፋቃችሁት ኖራው አይዝም። ግድግዳውን በውሃ አርከፍክፉት። ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ ወዲያው ይመጠውና ዱቄቱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በሰፊ ብሩሽ አንዴ በአግድም፣ ሲደርቅ ደግሞ በቁም ቀቡ። የመጀመሪያው ዙር ገና እርጥብ ሳለ ምንም ያልተቀባ ይመስላል። አትደንግጡ፣ አትደራርቡ። ሲደርቅ ይነጣል። ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ዙር ይበልጣል።

እንዲጣበቅ ብለው ጨው የሚጨምሩ አሉ። ደረቅ ግድግዳ ላይ ይሁን። እርጥበት የሚያጠቃው ላይ ግን ጨው ራሱ እርጥበት ስለሚስብ እኔ አልመክርም። ጓንት አድርጉ፣ መነጽር ቢኖር መልካም ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ በብዙ ውሃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ።

ብሎኬት ቤት ውስጥ ያላችሁ ዕቃ ለመስቀል ድሪልና ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ያስፈልጋችኋል፤ ሚስማር ልስኑን ሰብሮ ይወድቃል። ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትብሱ።

አልጋና መደርደሪያ

ፍራሽ ሲሚንቶ ላይ አታንጥፉ። የሰውነት ሙቀትና የወለሉ ቅዝቃዜ ሲገናኙ ከሥር ውሃ ያዝላል፤ ፍራሹም በዓመት ውስጥ ይሻግታል። ያገለገለ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ካገኛችሁ ሁለቱ አልጋ ይሆናሉ። 1 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነው በጣም የተለመደ ነው፤ ሁለቱን ስትገጥሙ 2 ሜትር በ1.2 ይመጣል፣ ባለ 120 ፍራሽ በደንብ ይይዛል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ፓሌት ፍለጋ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። የሐረጎን ዳገት አሳልፎ ደሴ ለማምጣት ጭነቱ ከዕቃው እንዳይበልጥ ግን ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር ተጋሩት።

ፓሌቱ ጎን ላይ ማኅተም አለ። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። «ኤም ቢ» የሚለውን ግን ተዉት፤ በመርዝ ጋዝ የታከመ ነው።

ለመደርደሪያ የቲማቲም ሳጥን የሚስተካከለው የለም። አትክልት ተራ የተሰበረውን ለይተው በርካሽ ይሸጡታል። ወደ ክፍል ከማስገባታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ የፈላ ውሃ በየመገጣጠሚያው አፍሱበት፤ ትኋንም እንቁላሉም ያልቃል። ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን፣ በ120 ቁጥር ደግሞ ለስላሳ እስኪሆን አሹት። ሳጥኖቹን በጎናቸው አስተኝታችሁ ሦስት ደራርቡ፣ በሽቦ አስሩ። የላላውን ጣውላ ስትመቱ ሚስማሩ የጣውላውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል ይርዘም። የሚሰነጠቅ እንጨት ከሆነ የሚስማሩን ጫፍ በመዶሻ ትንሽ ደነዝ አድርጉት። እንጨቱን ከመሰንጠቅ ይልቅ በስቶ ያልፋል።

ከባዱን መጽሐፍ ታች፣ ልብሱን ላይ። በቃ።

ፍራሽ፣ ወንበርና ጠረጴዛ መግዛት ካለባችሁ ጊዜውን ጠብቁ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ተመራቂው ዕቃውን ጭኖ መሄድ ስለማይፈልግ በቴሌግራም የሽያጭ ማስታወቂያ ይጎርፋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ያው ዕቃ በእጥፍ ይጠራል። ሰኔ ላይ ገዝታችሁ የምታውቁት ግቢ አስቀምጡ።

መብራትና ሶኬት

ሽቦ አትንኩ። ይህን ሥራ በቁርጥ ዋጋ ለኤሌክትሪሺያን ስጡት፤ ክፍያውም የባለቤቱ ነው። የናንተ ድርሻ አምፖልና ማከፋፈያ ነው።

60 ዋት የሆነው የድሮ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። 9 ዋት ኤልኢዲ በዚያው ሰዓት 1.35 ብቻ። ቆጣሪው የጋራ ሆኖ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ የሚካፈል ከሆነ ግቢው በሙሉ ኤልኢዲ ካልቀየረ ብቻችሁን ብትቆጥቡ ጥቅሙ ለሁሉም ይበተናል። ስለዚህ በአንድ ላይ ግዙ። ስትለቁ ነቅላችሁ ውሰዱት፣ የናንተ ነው።

2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ያለው ርካሽ ማከፋፈያ ይህን አይችልም። ሽቦውን በእጃችሁ ያዙት፤ ከሞቀ ምድጃውን ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩ።

ወለሉ

ፕላስቲክ ምንጣፍ በሜትር ይሸጣል። ሙሉውን ወለል አትሸፍኑ፤ አልጋና መደርደሪያ የሚያርፍበት ቦታ ምንጣፍ አያስፈልገውም። ከ12 ካሬው ሩብ ያህሉ ይቀነሳል። በማጣበቂያ አትለጥፉት፣ አብሯችሁ ይወጣል። ሰሌን የምትወዱ ከሆነ የባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ከቆላ የሚመጣው ጥሩ ነው። ለአንድ ሰሌን ብሎ ከደሴ ባቲ መውረድ ግን ኪሳራ ነው፤ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጡ።

ስትለቁ

አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የኮርኒሱን ሚስማር በፒንሳ ንቀሉና ከረጢቱን ጠቅልሉት፤ የሚቀጥለው ተከራይ ካለ እዚያው ቦታው ላይ እንዳለ ሽጡለት፣ ከመንቀል ያድናችኋል። የሚስማር ቀዳዳዎችን ጭቃ ቤት ከሆነ በጭቃና በትንሽ ኖራ፣ ብሎኬት ከሆነ በጄሶ ድፈኑ። ሲደርቅ በተረፈው ኖራ አንድ ዙር ንኩት። ከዚያ ባለቤቱን ጠርታችሁ አብራችሁ እዩ፣ ያስያዛችሁት ገንዘብ ካለ እዚያው ተቀበሉ። ቁልፍ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።